ፍተሻው የሚያሳስበው የት ላይ ነው?

የለቡ ጎረቤታችን ልጅ ከቨርጂኒያ የመጣችው የሰባት ወር ሕፃኗን ለእናቷ ለማሳየት ነበር። ስትመለስ እናቷንም ይዛ ልትሄድ ሆነና፣ በዋዜማው ምሽት ሻንጣ በማሸግ አገዝኳቸው። በርበሬው በሦስት ፌስታል ተጠቅልሎ፣ ሽሮውና ቆሎው ተጨምሮ፣ ከ23 ኪሎ እንዳያልፍ በእጅ ሚዛን አንጠለጠልነው። እማማን ያሳሰባቸው ግን ሌላ ነው። «ልጄ፣ ያ የኤርፖርት መፈተሻ ማሽን ሕፃኑን አይጎዳብንም? እኔስ ደረቴ ውስጥ ያለውን ይዤ እንዴት አልፋለሁ?» አሉኝ። ለልባቸው ፔስሜከር ተገጥሞላቸዋል።

የምንደናገረው ማሽኑ ሁሉ አንድ ስለሚመስለን ነው። ሻንጣ የሚያልፍበት ራጅ ነው። ጨረሩ ዙሪያውን በተከለለ ሳጥን ውስጥ ይቀራል፤ መግቢያና መውጫው ላይ የሚንጠለጠሉት ከባድ መጋረጃዎችም ለዚሁ ነው። በርበሬውም ሆነ የጡት ወተቱ ውስጥ የሚቀር ነገር የለም፤ ራጅ እንደ መብራት ነው፣ ሲጠፋ ያበቃል። ሰው የሚያልፍበት ብረት ጠቋሚ በር ደግሞ ራጅ የለውም፤ የሚሠራው በደካማ መግነጢሳዊ ሞገድ ነው። በውጭ አገር ኤርፖርቶች እጅ ወደ ላይ አስነሥቶ የሚቃኘው ማሽንም ዛሬ በአብዛኛው የሚጠቀመው በሬዲዮ ሞገድ ነው።

ሰውን በራጅ የሚቃኝ ማሽን እንኳ ቢያጋጥም፣ አንዱ ቅኝት በአብዛኛው ከ0.1 ማይክሮሲቨርት (የጨረር መጠን መለኪያ) አይበልጥም። የደረት ራጅ 100 ማይክሮሲቨርት ገደማ ነው። አውሮፕላን ከፍታውን ከያዘ በኋላ ደግሞ ከጠፈር የሚመጣው ጨረር በሰዓት 3 ማይክሮሲቨርት አካባቢ ይደርሳል፤ ስለዚህ ያ ቅኝት በሰማይ ላይ የሁለት ደቂቃ በረራ ያህል ነው። ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ የምንኖር አዲስ አበቤዎች፣ ከጅቡቲ ነዋሪ የበለጠ የጠፈር ጨረር በየቀኑ እናገኛለን። እ.ኤ.አ. በ2006 ሎስ አንጀለስ ላይ አንዲት አያት የወር ዕድሜ ሕፃን ተሳስተው በሻንጣ ማሽን አሳልፈው ነበር፤ ሕፃኑ ሆስፒታል ታይቶ ምንም አልሆነም። ያም ሆኖ ሕፃን ከጋሪው ወጥቶ፣ ከአንቀልባውም ተፈትቶ በእቅፍ ማለፍ አለበት።

የእማማ ጉዳይ ጥንቃቄ ይሻል። ፔስሜከር ያለው ሰው በሩን በተለመደ እርምጃ ቢያልፍ ችግር የለውም፤ በሩ ሥር መቆም ወይም መደገፍ ግን አይገባም። የእጅ መፈተሻውም ደረት ላይ እንዳይቆይ መናገር ያስፈልጋል። የሐኪሙን ካርድ አሳይቶ በእጅ መፈተሽን መጠየቅ ይቻላል። መድኃኒት ከእጅ ሻንጣ መለየት የለበትም፤ እንደኔ እንደኔ፣ አንድ ሽማግሌ መንገደኛን ከጨረሩ ይልቅ የሚጎዳው የደም ግፊት ክኒኑ በተላከው ሻንጣ ውስጥ መቅረቱ ነው።

ፍተሻ አያስፈልግም የሚል ክርክር የለኝም። ኅዳር 29 ቀን 1965 ዓ.ም. የኢትዮጵያ አየር መንገድ አውሮፕላን ውስጥ ሽጉጥና የእጅ ቦምብ የያዙ ወጣቶች ገብተው፣ አየር ላይ ተኩስ ተከፍቶ ሰው ሞቷል። እኔን የሚያሳስበኝ የሰው ገመና ነው። አሜሪካ በራጅ የሚቃኙትን ማሽኖች እ.ኤ.አ. በ2013 ከኤርፖርቶቿ ያነሣችው፣ ገላን ራቁት አድርገው የሚያሳዩት ምስሎች በደፈናው የሰው ቅርጽ እንዲተኩ ሕግ አስገድዶ፣ አምራቹ ይህን በጊዜው ማድረግ ስላቃተው ነው። ጉዳዩ ክብር ነበር።

እኛም ዘንድ ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 26 የሰውን ገላና ንብረት ከዘፈቀደ ፍተሻ ይጠብቃል፤ የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016ም ወጥቷል። ወረፋው መሐል ሻንጣ ተከፍቶ የውስጥ ልብስና የመድኃኒት ብልቃጥ ሲደረደር ግን አንቀጹን የሚያስታውስ ጥቂት ነው። ነጠላቸውን ከትከሻቸው አውርደው የማያውቁ እናት በሰው ፊት አውልቂ ሲባሉ የሚሰማቸውን አስቡት። የአምስት ዓመት ልጅስ? ቤት ውስጥ «ማንም እንዳይነካሽ» ብለን አስተምረናት፣ እዚያ የማታውቀው ሰው ሲዳስሳት ዝም እንላለን። ለልጅቷ ቀድሞ መንገር፣ ሲፈትሿትም እጇን መያዝ የወላጅ ሥራ ነው፤ ከመንካቱ በፊት መናገር ደግሞ የፈታሹ ነው።

እማማን ያልኳቸው ይህንኑ ነው፤ እናንተም ወላጅ ስትሸኙ ንገሯቸው። የሐኪም ካርድ ካላቸው በእጃቸው ይያዙ። ማውለቅ ከከበዳቸው፣ ልብሳቸው ላይ እጅ ከማረፉ በፊት «ሴት ፈታሽ ትምጣልኝ፣ ለብቻዬ ክፍል ውስጥ ፈትሹኝ» ይበሉ።