ከቱላ ጉድጓድ እስከ ካሴት
ከቡሌ ሆራ በያቤሎ አድርገን ወደ ሞያሌ ስንወርድ ዱብሉቅን እናገኛለን። ከዘጠኙ የቦረና ኦሮሞ «ቱላ» የተባሉ ጥንታዊ ጥልቅ ጉድጓዶች አንዱ የሚገኘው እዚያ ነው። በበጋ ሰዎች ከጉድጓዱ ሥር እስከ ላይ በእርከን ቆመው ባልዲ እየተቀባበሉ ይዘፍናሉ። ዘፈኑ የሥራው አካል ነው፤ የእጆችን ፍጥነት ያስማማል፣ ድካምን ያስረሳል፣ ተራ የሚጠብቀውን ከብትም ይጠራል። ዘፋኞቹ አርብቶ አደሮች በመሆናቸው የዘፈኑ ውዳሴ በአብዛኛው ለከብቱ መሆኑ አያስደንቅም።

ይህ የቃል ጥበብ ዛሬም ሕያው ነው። የቦረናው ገጣሚ ጃርሶ ዋቆ ቆጦ የፖለቲካ ግጥሞቹን በቃሉ እያሰማ በካሴት አሰራጭቷል። አንዱ ግጥሙ በ1996 እ.ኤ.አ. ስለ ኦሮሞ ማንነት በታተመ የጥናት መጽሐፍ ውስጥ ከነትንታኔው ወጥቷል። በኦሮምኛ ቃል ግጥም ውስጥ ተጓዳኝ ስንኞችና የመነሻ ድምፅ ድግግሞሽ ጎልተው ይታያሉ፤ ግጥሙን ለማወቅ ታዲያ ማንበብ ብቻ አይበቃም፣ መስማትም ያሻል።

የዘፈን ቅርስና የፖለቲካ ግጥም ጎን ለጎን የሚገኙት በቦረና ብቻ አይደለም፤ በአሜሪካ የላኮታ ሕዝብም የዘፈን ቅርስ አለው። ላይሊ ሎንግ ሶልጀር የተባለች የላኮታ ገጣሚ በ2017 እ.ኤ.አ. ባሳተመችው መድበል የአሜሪካ መንግሥት ለነባር ሕዝቦች ያወጣውን የይቅርታ ሰነድ ቋንቋ በግጥም ሞግታለች።