የፎገራ ኮርማን ዘር መልኩ ብቻ አይመሰክርም

ከጣና ሐይቅ በስተምሥራቅ በተንጣለለው የፎገራ ሜዳና በአካባቢው የሚረባው የፎገራ ከብት በግዙፍ ቁመናው፣ በገራምነቱ፣ በወተቱና በእርሻ ጉልበቱ የታወቀ ነባር ዝርያ ነው። ክረምት ውኃ የሚተኛበትን ረግረጋማ መሬትና የዝንብ መንጋን ተቋቁሞ መኖሩም ተፈላጊነቱን ጨምሮለታል። ይሁን እንጂ ሜዳው በስፋት የሩዝ ማሳ በመሆኑ የግጦሽ መሬቱ ጠቧል። መንጋውም ከሌላ አካባቢ ከመጡ ከብቶች ጋር በወል ግጦሽና በውኃ መጠጫ ስለሚገናኝ ዝርያው እየተደባለቀ ይገኛል። ስለዚህ ኮርማ የሚገዛ አርሶ አደር አስቀድሞ ሊመልሰው የሚገባ ጥያቄ አለ፦ ኮርማው በእርግጥ የፎገራ ዘር መሆኑ በምን ይረጋገጣል?

ጥያቄው ከላም ይልቅ በኮርማ ላይ የሚጠብቀው ያለ ምክንያት አይደለም። ላም በዓመት ቢበዛ አንድ ጥጃ ትወልዳለች፤ አንድ ኮርማ ግን በዓመት በርካታ ላሞችን ያጠቃል። በኮርማ ምርጫ የተፈጠረ ስሕተት ከአንድ በረት አልፎ ወደ ጎረቤት መንጋ ይዛመታል። ጉዳቱ በግልጽ የሚታየውም ከዓመታት በኋላ፣ ሴቶቹ ጥጆች ጊደር ሆነው ሲወልዱና ሲታለቡ ነው።

የመጀመሪያው መመዘኛ መልክ ነው። የፎገራ ከብት በአብዛኛው ጥቁርና ነጭ ቡሬ ወይም ጥቁርና ዳልቻ ቀለም፣ አጭርና ሹል ቀንድ እንዲሁም ሻኛ አለው። ሆኖም ቀለም ብቻውን ማስረጃ አይሆንም። ከውጭ የገባው የሆልስታይን ፍሪዥያን ዝርያም ጥቁርና ነጭ ስለሆነ የሁለቱ ድቅል ቡሬ ሆኖ ሊወለድና ገዢን ሊያሳስት ይችላል። ሆልስታይን ሻኛ የሌለው ዝርያ በመሆኑ በጥቁርና ነጭ ኮርማ ላይ ሻኛው አንሶ ከታየ የድቅልነት ጥርጣሬ ማሳደሩ ተገቢ ነው።

መልክ የሚያሳስተው ጥጃ ከእናቱና ከአባቱ ዘረ-መል በግማሽ በግማሽ ስለሚወርስ ነው። የፎገራ ላም በሌላ ዝርያ ኮርማ ብትጠቃ የምትወልደው ጥጃ የፎገራ ድርሻው 50 በመቶ ይሆናል። ያቺ ጥጃ አድጋ በንጹሕ የፎገራ ኮርማ ብትጠቃ የልጇ ድርሻ በአማካይ ወደ 75 በመቶ፣ በቀጣዩ ትውልድ ወደ 87.5 በመቶ፣ ከዚያም ወደ 93.75 በመቶ ያድጋል። ባለ 75 በመቶው ኮርማ በገበያ ላይ ከንጹሑ ላይለይ ይችላል፤ የተደበቀው ዘር ግን በልጆቹ ላይ ብቅ ይላል። «ዘር ከልጓም ይስባል» የሚለው ብሂል ለከብትም ይሠራል።

ስለዚህ ከመልክ የበለጠ የሚታመነው የዘር ሐረግ መዝገብ ነው። መዝገቡ የተራቀቀ መሆን የለበትም፤ በአንድ ደብተር ላይ የእናትና የአባት መለያ፣ ላሟ የተጠቃችበት ቀንና የወለደችበት ቀን ቢሰፍር በቂ ነው። የላም እርግዝና በአማካይ 280 ቀናት፣ በኢትዮጵያ አቆጣጠር 9 ወር ከ10 ቀን ገደማ ይወስዳል። ላም ካልጸነሰች ደግሞ በየ21 ቀኑ ገደማ ኮርማ ትፈልጋለች። ስለሆነም ጥጃው ከተጠበቀው ጊዜ ሦስት ሳምንት ያህል ዘግይቶ ከተወለደ አባቱ የተመዘገበው ኮርማ ላይሆን ይችላል። ብዙ ኮርማዎች በጋራ በሚሰማሩበት የወል ግጦሽ መዝገቡ እምነት የሚጣልበት እንዲሆን ለእርባታ ያልተመረጡትን በጊዜ ማኮላሸት፣ ኮርማ የፈለገችን ላምም ለይቶ ማቆየት ያስፈልጋል።

ሁለተኛው ምስክር የኮርማው ልጆች ናቸው። ገዢ ከመክፈሉ በፊት ጥጆቹን በአካል ቢያይ ይጠቀማል። ከንጹሕ የፎገራ ላሞች የተወለዱ ጥጆች በቀንድ፣ በሻኛና በቁመና እጅግ የተለያዩ ከሆኑ ኮርማው ድቅል መሆኑን ሊጠቁሙ ይችላሉ።

አከራካሪ ሲሆን የዘረ-መል ምርመራ አለ። ከጭራ ከነሥሩ የተነቀለ ጸጉር ለናሙና ይበቃል። የጥጃው የዘረ-መል ምልክቶች ግማሹ ከእናቱ፣ ግማሹ ከአባቱ የመጡ መሆን ስላለባቸው ከኮርማው ጋር የማይጣጣሙ ከሆነ አባትነቱ ውድቅ ይሆናል። ዝርያን ለመለየት ግን ማነጻጸሪያ የሚሆኑ፣ ዘራቸው የታወቀ ከብቶች ያስፈልጋሉ። በባሕር ዳር አቅራቢያ የሚገኘው የአንዳሳ የእንስሳት ምርምር ማዕከልን የመሰሉ ተቋማት የፎገራ መንጋ ጠብቀው መያዛቸው ከሚጠቅምባቸው ምክንያቶች አንዱ ይኸው ነው።

ማዳቀል በራሱ ጥፋት አይደለም፤ የፎገራና የሆልስታይን ድቅል ጊደሮች ለወተት ምርት ይፈለጋሉ። ነገር ግን ጥሩ ድቅል ለማግኘት በመጀመሪያ ዘሯ የታወቀ የፎገራ ላም መኖር አለባት። በአንጻሩ ንጽሕናን ለመጠበቅ ሲባል ኮርማን ከገዛ ልጆቹ ጋር ማዳቀልም ጎጂ ነው። እንዲህ የሚወለድ ጥጃ የዝምድና መጠኑ 25 በመቶ ስለሚደርስ ለደካማነትና ለመካንነት ይጋለጣል። ስለሆነም ልጆቹ ለጥቂ ከመድረሳቸው በፊት ኮርማውን ዘሩ ከተመዘገበ ሌላ ኮርማ ጋር መለዋወጥ ይገባል። ልውውጡ ሲፈጸም ደብተሩም ከኮርማው ጋር ሊተላለፍ ይገባል።