በሰዓት ገበያ ብልሃት የበዛበት ሁሉ ዋጋ አያወጣም

ኦክቶበር 26 ቀን 2017 (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ፊሊፕስ የተባለው አጫራች ድርጅት ኒውዮርክ ላይ አንድ የሮሌክስ የእጅ ሰዓት ለጨረታ አቀረበ። ቀፎው ከማይዝግ ብረት የተሠራና በእጅ የሚሞላ ሲሆን፣ ሰዓት ከመቁጠር ሌላ ያለው ሥራ እንደ ሩጫ ሰዓት ተነሥቶ መቆም ብቻ ነው። በ1960ዎቹ መጨረሻ ከሱቅ ሲወጣ ዋጋው ከጥቂት መቶ ዶላር አያልፍም ነበር። በጨረታው ግን 17 ሚሊዮን 752 ሺህ 500 ዶላር አወጣ።

በተከታዩ ወር ደግሞ ጄኔቫ ላይ በክሪስቲስ ጨረታ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የነበረ የፓቴክ ፊሊፕ የወርቅ ሰዓት ቀረበ። ይህኛው ቀኑን፣ ዕለቱን፣ ወሩንና የጨረቃን መሙላትና መጉደል ያሳያል። ወሩ በ28፣ በ29፣ በ30 ወይም በ31 ቀን ማለቁንም ማንም ሳይነካው ያውቃል። በ2015 ለጨረታ ቀርቦ የባለቤትነት ጥያቄ ስለተነሣበት ወጥቶ የነበረው ይህ ሰዓት፣ በሁለተኛው ጊዜ በ2.9 ሚሊዮን የስዊስ ፍራንክ ገደማ ተሸጠ።

ብልሃቱ የበዛው ሰዓት ብልሃቱ ያነሰው ካወጣው ዋጋ ስድስት አንደኛውን ያህል ብቻ አወጣ ማለት ነው። ታዲያ ገዢው ገንዘቡን የሚከፍለው ለምንድን ነው?

ብልሃቶቹ ምንድን ናቸው?

በሰዓት ሠሪዎች ቋንቋ ከሰዓት፣ ከደቂቃና ከሰከንድ ሌላ የሚጨመር ሥራ ሁሉ “ኮምፕሊኬሽን” ይባላል። ቀላሉ ቀን ማሳየት ነው። ከዚያ ከፍ ሲል የሩጫ ሰዓቱ ክሮኖግራፍ ይመጣል። ቋሚው የቀን መቁጠሪያ ደግሞ እስከ 2100 ድረስ እርማት አይጠይቅም፤ በአውሮፓ አቆጣጠር 2100 የካቲቱ 29 ቀን የማይሆንበት ዓመት ስለሆነ ያን ጊዜ በእጅ ይስተካከላል። ሥራው የተቀመረው ለአውሮፓ አቆጣጠር ብቻ በመሆኑ ጳጉሜን አያውቅም።

ከሁሉም አስቸጋሪው ሲጫኑት ሰዓቱን ደውሎ የሚናገረው ነው። ሰዓቱን በወፍራም ድምፅ፣ ሩቡን በጥንድ ድምፅ፣ የተረፈውን ደቂቃ በቀጭን ድምፅ ይመታል። በዓለም ዝነኛ የሆነው ቱርቢዮን ደግሞ አብርሃም ሉዊ ብሬጌ በ1801 የባለቤትነት መብት ያገኘበት ፈጠራ ነው። የሰዓቱን ልብ በራሱ ዙሪያ እያዞረ፣ የመሬት ስበት በአቆጣጠሩ ላይ የሚፈጥረውን ስሕተት ለማቻቻል የታሰበ ነው።

ይሁን እንጂ ቱርቢዮን ዛሬ ብቻውን የዋጋ ዋስትና አይሆንም። ቀድሞ በጥቂት ጠበብት እጅ ብቻ የነበረው ይህ ሥራ አሁን በቻይና ፋብሪካዎች ተመርቶ በጥቂት መቶ ዶላር ይገኛል። ስለዚህ አዋቂ ገዢ “ስንት ብልሃት አለው?” ከማለቱ በፊት “ማን ሠራው? ስንት ተሠራ? ምን ያህሉስ ሳይነካ ቀረ?” ብሎ ይጠይቃል።

ወርቅን የበለጠ ብረት

ለዚህ ጥሩ ምሳሌ የሚሆነው ፓቴክ ፊሊፕ በ1941 ያወጣው 1518 ቁጥር ሰዓት ነው። ቋሚ የቀን መቁጠሪያና ክሮኖግራፍን አጣምሮ ከያዘው ከዚህ ሰዓት የተሠራው 281 ብቻ ነው። አብዛኞቹ የወርቅ ሲሆኑ፣ በማይዝግ ብረት መሠራታቸው የታወቀው አራት ናቸው። ከአራቱ አንዱ በ2016 ጄኔቫ ላይ ከ11 ሚሊዮን የስዊስ ፍራንክ በላይ አወጣ። በውስጡ ያለው ብልሃት ከወርቆቹ ጋር አንድ ነው። ልዩነቱን ያመጣው ቁጥሩ ማነሱ ነው።

የሮሌክሱም ምስጢር ከዚህ አይርቅም። ባለቤቱ የፊልም ተዋናዩና የመኪና እሽቅድምድም ተወዳዳሪው ፖል ኒውማን ነበር። ከጀርባው ባለቤቱ በጥንቃቄ እንዲነዳ የምታሳስብበት ጽሑፍ ተቀርጿል። ገዢው ብረቱን ብቻ ሳይሆን ታሪኩን ጭምር ገዝቷል።

ብልሃት፣ ስምና ብርቅነት አንድ ላይ ሲገኙም ትርፉን በጥንቃቄ ማስላት ያስፈልጋል። ፓቴክ ፊሊፕ ለአሜሪካዊው ባለ ባንክ ለሄንሪ ግሬቭስ በ1933 ያስረከበው የኪስ ሰዓት 24 ኮምፕሊኬሽን አለው። በ1999 በ11 ሚሊዮን ዶላር፣ በ2014 ደግሞ በ24 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ተሸጧል። በእጥፍ መጨመሩ ጆሮ ይማርካል። ነገር ግን በ15 ዓመት ሲካፈል ዕድገቱ በዓመት 5 በመቶ ያህል ነው። ከዚህ ላይ ደግሞ የአጫራቹ ኮሚሽንና የኢንሹራንስ ወጪ ይቀነሳል።

ገበያው ወደ ታች እንደሚወርድም መዘንጋት አይገባም። ፓቴክ ፊሊፕ በ2021 ማምረቱን ያቆመው 5711 ቁጥር የብረት ናውቲለስ ሰዓትና ቀን ብቻ የሚያሳይ ነው። የሱቅ ዋጋው 35 ሺህ ዶላር ገደማ ሲሆን፣ በ2022 መጀመሪያ በሁለተኛ እጅ ገበያ ከ100 ሺህ ዶላር በላይ ይጠየቅበት ነበር። በዚያው ዓመት ዋጋው መውረድ ሲጀምር፣ በጣሪያው ላይ የገቡት ገዢዎች ኪሳራውን ተሸከሙ።

ከመክፈል በፊት

በቀፎውና በውስጡ ባለው ሞተር ላይ የተቀረጹት ቁጥሮች ከሰነዱ ጋር መመሳከር አለባቸው። ፓቴክ ፊሊፕ ሰዓቱ መቼ እንደተሠራና መቼ እንደተሸጠ ከመዝገቡ አውጥቶ የሚሰጠው ማስረጃ አለ። ገጹ እንደገና የተቀባ፣ ቀፎውም ጠርዙ እስኪጠፋ የተወለወለ ሰዓት ለዓይን ቢያምርም ዋጋው ይወድቃል።

ክሮኖግራፉ ሲነሣ ጠቋሚው መዝለል የለበትም፤ ሲመለስም በትክክል ዜሮ ላይ መቆም አለበት። ደዋዩን ለመፈተን ጠቋሚዎቹን 12 ከ59 ላይ አድርጎ መቁጠር ነው፤ 12 የሰዓት፣ 3 የሩብ፣ 14 የደቂቃ ምት ሳይደነቃቀፍ መሰማት ይኖርበታል። የቀን መቁጠሪያውን ግን በአውሮፓ አቆጣጠር ከምሽቱ 9 እስከ ሌሊቱ 3 ሰዓት ባለው ጊዜ በእጅ ማስተካከል አይገባም። ጥርሶቹ ቀኑን ለመለወጥ በሚያያዙበት በዚህ ሰዓት የተነካ መቁጠሪያ ሊሰበር ይችላል።

ሌላው የሚረሳው ጥገና ነው። ብልሃቱ በበዛ ቁጥር የሚያውቀው ሰዓት ሠሪ ያንሳል። ደዋይ ወይም ቋሚ የቀን መቁጠሪያ ያለው ሰዓት ሲበላሽ ብዙውን ጊዜ ወደ ሠሪው ፋብሪካ ይላካል፤ ለወራት ይቆያል፤ በሺዎች የሚቆጠር ዶላርም ያስከፍላል። ይህ ወጪ ሰዓቱ በሚገዛበት ቀን ከዋጋው ጋር ተደምሮ ካልታሰበ፣ ርካሽ የመሰለው ግዢ ውድ ይሆናል።

“ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ” የሚባለው ለዚህ ገበያ የተነገረ ይመስላል። ሥሩ ያልታወቀ ሰዓት ጨረቃን ቢያሳይም፣ ደውሎ ቢናገርም፣ ሊሸጡት ሲወጡ የሚጠራው ዋጋ ባለቤቱ ካሰበው በታች ነው።