ከጆንያው ጋር የሚጓዘው መረጃ

በደቡብ ህንድ፣ በኬራላ ጠረፍ ባዳጋራ በምትባል የዓሣ ገበያ፣ እ.ኤ.አ. በ1997 መጀመሪያ ላይ አንድ ማለዳ 11 ዓሣ አጥማጆች ገዢ አጥተው የያዙትን ዓሣ ደፉት። በዚያው ማለዳ፣ ከዚያ 15 ኪሎ ሜትር በማይርቁ ሌሎች ገበያዎች 27 ገዢዎች ዓሣ ፈልገው አጥተው ነበር። ይህን የመዘገበው ኢኮኖሚስቱ ሮበርት ጄንሰን ነው። ከዚያ ዓመት ጀምሮ እስከ 2001 ድረስ የሞባይል ስልክ በጠረፉ ላይ በየተራ ሲዘረጋ አጥማጆቹ ገና ባሕር ላይ ሳሉ እየደወሉ የየወደቡን ዋጋ መጠየቅ ያዙ። ጄንሰን እንዳሳየው፣ ከሚያዘው ዓሣ በአማካይ ከ5 እስከ 8 በመቶ የሚሆነው ይደፋ የነበረው ብክነት ቀረ፤ የአጥማጁ ትርፍ በ8 በመቶ ያህል አደገ፤ ሸማቹ የሚከፍለው ዋጋ ደግሞ በ4 በመቶ ያህል ወረደ። ስልኩ ባሕሩ ውስጥ አንድም ዓሣ አልጨመረም። የተለወጠው ጀልባው የሚዞርበት አቅጣጫ ነው።

ስለ አቅርቦት ሰንሰለትና ስለ ኢንፎርሜሽን ቴክኖሎጂ ሲወራ ብዙውን ጊዜ የሚቀድመው የመሣሪያው ጉዳይ ነው፤ የትኛው ሶፍትዌር ይገዛ፣ ስንት ይፈጃል፣ ማን ይዘርጋው። ጥያቄው ግን መነሣት ያለበት ከሌላው ጫፍ ነው እላለሁ። ዕቃ ከአምራች እስከ ተጠቃሚ በሚጓዝበት መንገድ ላይ መረጃ ትርፍ የሚያስገኘው ውሳኔውን መለወጥ የሚችል ሰው እጅ በጊዜው ሲገባ ነው። አጥማጁ ዋጋውን ሰምቶ መሪውን ማዞር ይችል ነበር፤ ጀልባው የራሱ ነው፣ ወደቡን የሚመርጠውም እሱ ነው። ያንን ማድረግ ባይችል ኖሮ ስልኩ የኪሳራውን ወሬ ቀደም ብሎ ከማሰማት በቀር የሚፈይደው ነገር አልነበረም።

ይህ በትልልቅ ኩባንያዎችም ዘንድ የታየ ነው። ሕፃናት ዳይፐር የሚጨርሱት ከቀን ወደ ቀን በእኩል መጠን ስለሆነ የችርቻሮ ሽያጩ እምብዛም አይዋዥቅም። ፓምፐርስን የሚያመርተው ፕሮክተር ኤንድ ጋምብል ግን ከአከፋፋዮች የሚደርሰው ትዕዛዝ አንዴ ሲያሻቅብ አንዴ ሲያሽቆለቁል አይቶ ተቸግሮ ነበር። ቸርቻሪው ትንሽ ጭማሪ ሲያይ ለጥንቃቄ ብሎ አብዝቶ ያዝዛል፤ አከፋፋዩ ያንን አይቶ የራሱን መጠባበቂያ ይደርብበታል፤ ትዕዛዙ ፋብሪካው ዘንድ ሲደርስ ከእናቶች ፍላጎት ጋር ያለው ዝምድና ጠፍቷል። እያንዳንዱ የሚያየው የጎረቤቱን ትዕዛዝ እንጂ ሱቅ ውስጥ የተሸጠውን አይደለም። ፕሮክተር ኤንድ ጋምብልና ዋልማርት እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መገባደጃ የደረሱበት ስምምነት ትልቅ ለውጥ ያመጣው የሽያጩ መረጃ በቀጥታ ወደ አምራቹ ስለሄደ ብቻ አይደለም፤ አምራቹ ትዕዛዝ ሳይጠብቅ ዕቃውን በራሱ ውሳኔ እንዲልክም ስለተፈቀደለት ነው።

ገንዘብና ሶፍትዌር ሞልቶ መረጃው ሲበላሽ ምን እንደሚሆን ለማየት ታርጌት የተባለው የአሜሪካ ቸርቻሪ በካናዳ የደረሰበትን መመልከት ይበቃል። እ.ኤ.አ. በ2013 ካናዳ ገብቶ 133 መደብሮች ከፈተ፤ በ2015 መጀመሪያ ሁሉንም እንደሚዘጋ አስታወቀ፤ ከ17 ሺህ በላይ ሠራተኞችም ሥራቸውን አጡ። የውድቀቱ ምክንያት አንድ ብቻ አልነበረም። ይሁን እንጂ በዓለም የታወቀውን የኤስኤፒ ሶፍትዌር ተጠቅሞም መጋዘኖቹ በዕቃ ሲጨናነቁ መደርደሪያዎቹ ባዶ ሆነው ታይተዋል። ሥርዓቱን በጥድፊያ ሲሞሉ የአንዱን ዕቃ ርዝመት በስፋቱ ቦታ፣ ሴንቲ ሜትሩን በኢንች አስገብተውት ነበር። ኮምፒውተሩ ካርቶን መደርደሪያ ላይ ይገባል አይገባም ብሎ የሚያሰላው በዚያው በተሳሳተው ቁጥር ነው።

ወደ አገራችን ስንመጣ ከሁሉ የሚበልጠው ትምህርት ያለው ቡናው ዘንድ ነው። በ2000 ዓ.ም. በዶክተር እሌኒ ገብረመድኅን መሪነት ሥራ የጀመረው የኢትዮጵያ ምርት ገበያ በ2001 ዓ.ም. ቡናን ሲያስገባ ሁለት ሥር የሰደዱ ችግሮችን ለመፍታት ነበር። አንደኛው ዋጋ ነው፤ አዲስ አበባ ቡና በስንት እንደዋለ ገጠር ያለው ሻጭ የሚሰማው ከሚገዛው ሰው አፍ ነበር። ሁለተኛው ክፍያ ነው፤ ቡናውን ጭኖ አዲስ አበባ ያደረሰ አቅራቢ ገንዘቡን ለማግኘት ደጅ ይጠና፣ አንዳንዴም ይካድ ነበር። አዲሱ ሥርዓት መጋዘኑን ወደ አምራቹ አካባቢ አቀረበው። ቡናው ይመዘናል፣ ናሙና ይወሰድለታል፣ ይቀመሳል፣ ደረጃ ይወጣለታል፤ ባለቤቱ የመጋዘን ደረሰኝ ይዞ ይሸጣል፤ ገንዘቡ በማግሥቱ ባንክ ሒሳቡ ይገባል። የዕለቱ ዋጋ ደግሞ በየከተማው በተተከሉ ሰሌዳዎችና በስልክ ይሰማል። መጋዘን በተከፈተላቸው ገበያዎች መካከል የነበረው የዋጋ ልዩነት መጥበቡን ያሳየ ጥናት አለ። ሻጩ ዋጋ አውቆ፣ ገንዘቡ እንደማይቀርበት ተማምኖ፣ ልሽጥ ወይስ ልጠብቅ ብሎ መወሰን የቻለው በዚህ ምክንያት ነው። ይህ ውለታ ሊዘነጋ አይገባም።

ያው ሥርዓት ግን ሌላ ዓይነት መረጃ ጣለ። ከጌዴኦ አንድ ማጠቢያ ጣቢያ የመጣ የታጠበ ቡና መጋዘን ሲደርስ አካባቢውና ደረጃው በኮድ ይጻፍለት ነበር፤ የቀበሌው፣ የጣቢያውና የአምራቾቹ ማንነት ግን ከጆንያው ይለይ ነበር። ላኪው የሚገዛው ይርጋጨፌ የሚል ስምና ደረጃ ነበር። ለዚህ በቂ ምክንያት ነበረው። ጆንያው ከየት እንደመጣ ካልታወቀ ሻጭና ገዢ ተመሳጥረው ዋጋ ማዛባት አይችሉም፤ አንድ ደረጃ ያለው ቡና ሁሉ እኩል ከሆነም ግብይቱ ይፈጥናል። ችግሩ በዓለም ገበያ ከፍተኛውን ዋጋ የሚከፍለው የልዩ ጣዕም ቡና ገዢ የሚፈልገው በትክክል ያንን የተጣለውን መረጃ መሆኑ ነው፤ የትኛው ጣቢያ፣ በምን ከፍታ፣ እንዴት ደረቀ። የገበሬ ኅብረት ሥራ ዩኒየኖች በቀጥታ እንዲልኩ ስለተፈቀደላቸው የቡናቸውን ማንነት ይዘው ቆዩ፤ አብዛኛው ቡና ግን ስሙን መጋዘን በር ላይ ጥሎ ያልፍ ነበር። እ.ኤ.አ. ከ2017 ጀምሮ የተደረገው የግብይት ማሻሻያ ቡና ማንነቱን ይዞ እንዲሸጥ በር የከፈተው ይህ ጉዳት ስለታየ ነው። እዚህ ላይ ማሽኑ አልተሳሳተም። የትኛው መረጃ ይያዝ፣ የትኛው ይቅር የሚለው የሰው ውሳኔ ነበር፤ የውሳኔው ዋጋ በዶላር ይታሰባል።

ኔትወርኩ በሚቆራረጥበት፣ መብራት በሚጠፋበት አገር ይህ ሁሉ ቅንጦት ነው የሚሉ አሉ። የኬራላው አጥማጅ የተጠቀመው ግን በድምፅ መነጋገርን ብቻ ነው። መሣሪያው ቀላል መሆኑ አይጎዳም፤ የሚጎዳው መረጃው መወሰን የማይችል ሰው ዘንድ መድረሱ ነው። ሌላው መከራከሪያ ጸሐፊው ኒኮላስ ካር እ.ኤ.አ. በ2003 ያነሣው ነው፤ ሁሉም ሊገዛው የሚችለው ቴክኖሎጂ ለማንም ብልጫ አያስገኝም ይላል። ስለ ሶፍትዌሩ ትክክል ነው። ነገር ግን የተጣራ መረጃና የንግድ ሸሪኮች ሽያጫቸውን ሳይሸሽጉ የሚነጋገሩበት ዝምድና ሱቅ ውስጥ የሚሸጥ አይደለም፤ ዓመታት ይፈጃል፤ ብልጫውም ያለው እዚያ ነው። ከሁሉ የሚከብደው ሦስተኛው ተቃውሞ ነው። ነጋዴው፣ ‘መረጃዬ እንጀራዬ ነው፤ ከገለጥኩት ምን ይተርፈኛል?’ ይላል። እውነቱን ነው፤ በዋጋ ልዩነት ብቻ የሚኖር ሰው ይጎዳል። ቡና የሚያጓጉዘው፣ የሚያበጥረው፣ ብድር የሚሰጠው ሰብሳቢ ግን ተፈላጊ ነው፤ ከአዲሱ ትርፍ ድርሻው ካልተለየለት መረጃውን መደበቁን ወይም ማዛባቱን አይተውም። ብዙ ጥሩ ውጥኖች የከሸፉት ይህን ሒሳብ ሳይሠሩ በመነሣታቸው ነው።

ጉዳዩ አሁን አስቸኳይ የሆነው በአውሮፓ ኅብረት ምክንያት ነው። ኅብረቱ እ.ኤ.አ. በ2023 ባወጣው ሕግ መሠረት ከዲሴምበር 31 ቀን 2020 በኋላ ደኑ በተመነጠረ መሬት ላይ የበቀለ ቡና እዚያ ገበያ አይገባም፤ አስመጪውም ቡናው የበቀለበትን ማሳ መገኛ ማሳየት አለበት። ተግባራዊነቱ ከአንድ ጊዜ በላይ ቢራዘምም ሕጉ አልተሻረም። ማሳው ከ4 ሄክታር በታች ከሆነ አንድ የጂፒኤስ ነጥብ ይበቃል፤ የአብዛኛው ቡና አምራቻችን ማሳ ደግሞ ከዚያ እጅግ ያነሰ ነው። ስለዚህ ምዝገባው የማይቻል ሥራ አይደለም። የሚያሳስበኝ መዝገቡ የማን ይሆናል የሚለው ነው። አንድ ላኪ ባለሙያ ልኮ የገበሬውን ማሳ ካስለካ በኋላ ነጥቡን በራሱ ኮምፒውተር ብቻ ካስቀመጠው፣ ገበሬው በሚቀጥለው ዓመት ለተሻለ ገዢ ልሽጥ ቢል ማስረጃ የለውም። ዋጋ እንዲያገኝበት የተሰበሰበው መረጃ ለአንድ ገዢ ያሥረዋል። የቡናና ሻይ ባለሥልጣን፣ ዩኒየኖችና ላኪዎች ምዝገባው ገና በእጃቸው ሳለ ይህን ይወስኑ፤ የማሳው መረጃ ቅጂ በገበሬው ስም ይመዝገብ፤ ቡናውን ወደ ፈለገው ገዢ ሲወስድም ማስረጃውን ይዞ የመሄድ መብት ይኑረው።