ታዳኙ ሲቀነስ አዳኙ የበዛበት ሐይቅ

ዓሣ ዓሣን እየበላ እንደሚኖር የማያውቅ የለም። ትልቁ ትንሹን ይውጣል፤ ትንሹም ከእርሱ የሚያንሰውን ይፈልጋል። ነገር ግን «ትልቅ» እና «ትንሽ» የምንለው የዘር ልዩነት ብቻ ሳይሆን የዕድሜም ልዩነት መሆኑን ብዙ ጊዜ አናስተውለውም። በዚህ ጽሑፋችን ልንመለከተው የወደድነው ይህንኑ ነው።

ጥጃ ጡት ከተወች በኋላ እንደ እናቷ ሣር ትግጣለች። የዓሣ ኑሮ ግን እንዲህ አይደለም። የብዙ ዓሣዎች ጫጩት ከእንቁላሉ ሲወጣ ከገብስ ቅንጣት እምብዛም አይበልጥም፤ ምግቡም በውሃ ውስጥ የሚንሳፈፉ ደቃቅ ፍጥረታት ናቸው። ዓሣ በል የሆነው ዘር ከፍ ሲል የውሃ ነፍሳትን ይለቅማል፤ አፉ ሲሰፋና ጉልበቱ ሲጠነክር ደግሞ ሌላውን ዓሣ ወደ ማሳደድ ይሸጋገራል። በባልቲክ ባሕር ኮድ የሚባለው ዓሣ አድጎ ስፕራት የተባለውን ትንሽ ዓሣ ይመገባል፤ ስፕራቱም በፈንታው የኮድን እንቁላል ይበላል። እንግዲህ አዳኙንና ታዳኙን የሚለየው ስሙ ሳይሆን ዕድሜውና መጠኑ ነው።

ይህ ነገር ምን ያህል ኃይል እንዳለው በሰሜን ኖርዌይ የሚገኘው የታክቫትን ሐይቅ ያስረዳናል። በዚህ ሐይቅ ውስጥ ቀድሞ ይኖር የነበረው ትራውት የሚባለው ዓሣ ነው፤ ይህም በአገራችን በባሌ ተራራማ ወንዞች የሚታወቀው ወገን ነው። ሰዎች ያለ ልክ ስላጠመዱት ቁጥሩ እጅግ አነሰ። እንደ ኤውሮፓ አቈጣጠር በ1930 ቻር የተባለ ሌላ ዓሣ ወደ ሐይቁ ገባ። ቻሩም እስከ 1980 ድረስ ያለ ልክ በዛ፤ ነገር ግን ምግቡ ለሁሉ ስላልበቃ ዕድገቱ ቀጨጨ። ትራውቱም ከሐይቁ ሊጠፋ ተቃረበ።

የሚበላው ዓሣ እንዲህ ሞልቶ ሳለ አዳኙ ስለ ምን አልበዛም? ምክንያቱ መጠን ነው። አብዛኛው ቻር በመካከለኛ መጠን ቀጭጮ የቀረ ስለ ነበረ ለትራውት አፍ ይተልቅ ነበር። ትራውት ሊውጠው የሚችለው ጫጩት ደግሞ በታላላቆቹ ሽሚያ ምክንያት ጥቂት ነበር። ጎተራው ሞልቶ የሚቀመስ እህል የታጣበት ቤት ማለት ይህ ነው።

የዓሣ አጥኚዎች ከ1984 እስከ 1989 ድረስ 31 ቶን ያህል፣ በቁጥርም ከ600,000 በላይ ቻር አጥምደው አወጡ። የታዳኙ መቀነስ አዳኙን ያስርበዋል ብሎ የሚገምት ሰው ይኖር ይሆናል። የሆነው ግን የዚህ ተቃራኒ ነው። የቀሩት ቻሮች በቂ ምግብ አግኝተው ፈጥነው አደጉ፤ ብዙ ጫጩትም አፈሩ። ትራውቱም ለአፉ የሚመጥን ምግብ ስላገኘ ተባዛ። ጫጩቶቹን እየበላም የቻሩ ብዛት ዳግመኛ ከልክ እንዳያልፍ ጠበቀ። ትልልቆቹ ቻሮችም የገዛ ወገናቸውን ጫጩት እየበሉ በዚህ ረዱት። ማጥመዱ ካበቃ ከ20 ዓመት በኋላም ትራውቱ ተመልሶ አልጠፋም።

ከዚህ የምንማረው፣ የሐይቅ ሀብት በብዛት ብቻ እንደማይለካ ነው። በጣና ሐይቅ የሚኖሩት ትልልቅ የባርቡስ ዓሣዎች፣ ከእነርሱም ብዙዎቹ ዓሣ በሎች ናቸው፣ በክረምት ማብቂያ ለመራባት እንደ ጉማራና ርብ ወዳሉት ወንዞች ይወጣሉ። በዚያ ሰዓት በወንዙ አፍ ላይ መረብ የሚዘረጋ አጥማጅ የሚያነሣው ለአቅመ መራባት የደረሱትን ነው። ከእነርሱም ጋር የሚመጣውን ትውልድና የሐይቁን አዳኝ አብሮ ያነሣል። የጣና ችግር ከታክቫትን የተለየ ስለ ሆነ መድኃኒቱም አንድ አይደለም፤ የሚጠየቀው ጥያቄ ግን አንድ ነው። ዓሣ ስናጠምድ «ስንት ያዝን?» ከማለታችን በፊት «በምን ዕድሜ ያለውን ያዝን?» ብለን እንጠይቅ።