ወደ ቤልጅግ የከሰል ጕድጓድ የሄዱት የኢጣልያ ቤተ ሰቦች ሥራና ኑሮ

ኢጣልያ በ1861 አንድ መንግሥት ከሆነች በኋላ፥ ልጆቿን በብዛት ወደ ውጭ ከሰደዱት የአውሮፓ አገሮች አንዷ ሆናለች። በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው። ከ1876 እስከ 1976 ባለው መቶ ዓመት ውስጥ 26 ሚሊዮን ያህል ሰዎች ከአገሪቱ እንደ ወጡ ይቈጠራል፤ ከነዚህም ብዙዎቹ ኋላ ተመልሰዋል። መሬት ያነሰው ገበሬ አስቀድሞ ወደ አርጀንቲና፥ ወደ ብራዚልና ወደ አሜሪካ ተሻገረ። የፋሽስት መንግሥትም ኢትዮጵያን በወረረ ጊዜ ለዚሁ ድኻ ገበሬ መስፈሪያ እንዳገኘለት አድርጎ ሰብኮ ነበር፤ ይህ አሳብ ግን በ1941 ከወራሪው ጋራ ወደቀ። ከጦርነቱ በኋላ ያው ገበሬ ከተላከባቸው ስፍራዎች አንዱ የቤልጅግ የከሰል ጕድጓድ ነው። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ፥ በውሉ የተቈጠረው የአንድ ወንድ ጕልበት ሲሆን፥ በእውነት የሠራው ግን መላው ቤተ ሰብ መሆኑን መግለጽ ነው።

በ1945 ቤልጅግ ፋብሪካዎቿን ለማንቀሳቀስ ብዙ ከሰል ያስፈልጋት ነበር። የአገሩ ተወላጆች ግን አደገኛውን የጕድጓድ ሥራ እየሸሹ ሄዱ፤ በግዳጅ ይሠሩ የነበሩት የጀርመን የጦር ምርኮኞችም ወደ አገራቸው የሚመለሱበት ጊዜ ተቃርቦ ነበር። በኢጣልያ በኩል ደግሞ ሥራ ፈት በዝቶ ከሰል ጠፍቶ ነበር። ስለዚህ ሁለቱ መንግሥታት ሰኔ 23 ቀን 1946 በሮማ ተዋዋሉ። ኢጣልያ ዕድሜያቸው ከ35 ዓመት ያልበለጠ 50,000 ሠራተኞች፥ በየሳምንቱ እስከ 2,000 ድረስ እያደረገች ለመላክ ተስማማች፤ ቤልጅግም በምላሹ ከሰል ልትሸጥላት ቃል ገባች። ሰው በከሰል ተለወጠ የሚለው ወቀሳ የመጣው ከዚህ ነው።

ተመልማዮቹ በሚላኖ የሐኪም ምርመራ ከተደረገላቸው በኋላ በባቡር ይላኩ ነበር። ከነሱም ብዙዎቹ ማረሻና መጋዝ እንጂ ጕድጓድ አያውቁም ነበር። የመጀመሪያው ውል ለ12 ወር ሲሆን፥ የሥራ ፈቃዱም ከማዕድኑ ሥራ ጋራ የተያያዘ ነበር። ከመሬት በታች መውረድ አልችልም ያለ ሰው በብሩክሴል በሚገኘው ፕቲ ሻቶ በተባለው ሕንጻ ታስሮ ይቈይና ወደ አገሩ ይመለስ ነበር። መኖሪያቸውም አስቀድሞ የጦር ምርኮኞች ያደሩበት የቆርቆሮና የእንጨት ቤት ነበር፤ በበጋ ያቃጥላል፥ በክረምት ይበርዳል፥ ውሃውም ከውጭ ይቀዳል።

ሚስቶችና ልጆች ተከትለው በመጡ ጊዜ የሠፈሩ መልክ ተለወጠ። ሴቲቱ በደመወዝ መዝገብ ላይ ስሟ ባይገኝም፥ በከሰል የጠቈረውን ልብስ ታጥባለች፥ ዓታክልት ትተክላለች፥ ዶሮና ጥንቸል ታረባለች። ብዙዎቹም ቤተ ሰባቸውን ሳያመጡ ብቻቸውን ያሉትን ሠራተኞች በክፍያ እያሳደሩ ይቀልቡ ነበር። በእንዲህ ያለው ቤት የሚበላው ምግብና የሚነገረው ቋንቋ የትውልድ አውራጃው ነበርና፥ አዲስ መጪው ሥራና ወዳጅ የሚያገኘው በዚያ ነው። ልጆች ደግሞ ቤት ውስጥ የወላጆቻቸውን አነጋገር፥ በትምህርት ቤት ፈረንሳይኛ ወይም ፍላማንኛ ስለሚማሩ፥ በሐኪምና በሹም ፊት የአባትና የእናታቸው አስተርጓሚ ሆኑ። ከዚህ የተነሣ በቤት ውስጥ የነበረው የታላቅና የታናሽ ሥርዓት በመጠኑ ተናጋ፤ አባት በልጁ አፍ መናገር ግድ ሆነበት።

የሥራው ዋጋ በሁለት መንገድ ተከፈለ። አንደኛው ዝግ ያለ ነው፤ የድንጋይ ትቢያ ሳንባን የሚያደርቅበት ሲሊኮሲስ የተባለው በሽታ በቤልጅግ የሥራ በሽታ ተብሎ የታወቀው በ1964 ብቻ ስለ ሆነ፥ እስከዚያ ድረስ በሽተኛውን የማስታመም ሸክም በይበልጥ በሚስቱ ትከሻ ላይ ወደቀ። ሁለተኛው ድንገተኛ ነው። ነሐሴ 8 ቀን 1956 በሻርለርዋ አጠገብ በማርሲኔል፥ ቧ ዱ ካዝዬ በተባለው ማዕድን፥ በአሳንሰሩ ውስጥ በሚገባ ያልገባ የከሰል ፉርጎ አሳንሰሩ ሲነሣ የኤሌክትሪክ ሽቦና የዘይት ቧንቧ ስለ በጠሰ እሳት ተነሣ። 262 ሰዎች ሞቱ፤ ከነሱም 136ቱ ኢጣልያውያን፥ 95ቱ ቤልጅጋውያን ነበሩ። ሴቶች በማዕድኑ የብረት አጥር ላይ ተደግፈው ወሬ ሲጠብቁ ሰነበቱ፤ ከታች በሕይወት የቀረ እንደሌለ የተረጋገጠው ከሁለት ሳምንት በኋላ ነው።

ከዚህ አደጋ በኋላ ኢጣልያ ለቤልጅግ ማዕድን ሠራተኛ መላኳን አቋረጠች። ቤልጅግ ግን አደጋው በደረሰበት ዓመት ከእስፓንያ፥ በ1957 ከግሪክ፥ በ1964 ከሞሮኮና ከቱርክ ጋራ ተዋዋለች፤ የጕድጓዱ ቦታ ሳይለወጥ የሚወርደው ሰው ተለወጠ። የመጨረሻው የዋሎንያ የከሰል ጕድጓድ በ1984፥ የሊምቡርግ ደግሞ በ1992 ተዘጋ። ቧ ዱ ካዝዬ በ2012 ከሌሎች ሦስት የዋሎንያ ማዕድኖች ጋራ በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ገብቷል። ከአብሩዞ የመጣ ማዕድን ቈፋሪ ልጅ የሆነው ኤልዮ ዲ ሩፖም በ2011 የቤልጅግ ጠቅላይ ሚኒስትር ሆነ።

የእንዲህ ያለው ሰው መነሣት የሁሉን ዕጣ አያስረዳም፤ ለአንድ ሹመት ብዙ የመበለት ቤት አለና። ስለ ሠራተኞች ስደት የሚመረምር ሰው የውሉን ቍጥርና የተላከውን ገንዘብ ብቻ ቢመለከት፥ የነገሩን ግማሽ ይስታል። እንጀራውን ማን እንደ ጋገረ፥ በሽተኛውን ማን እንዳስታመመ፥ ለማያነበው አባት ደብዳቤውን ማን እንዳነበበ ሲጠይቅ ግን፥ በመንግሥታት መካከል የተፈረመው ወረቀት ያላሰፈረው ሥራ ይገለጽለታል፤ ያም ሥራ ባይኖር ኖሮ ከሰሉ ከጕድጓዱ ባልወጣም ነበር።