የጠበቀው ለምን ይላላል? ከነገሌ ቦረና ሞተር ብስክሌት እስከ ሪሞት መኪና

ነገሌ ቦረና ወይም ያቤሎ ከሞተር ጠጋኝ ደጃፍ ጥቂት የቆየ ሰው አንድ ቅሬታ ሳይሰማ አይነሳም፤ «ትናንት አጥብቄው ነበር፣ ዛሬ ደግሞ ላላ።» ብዙ ጊዜ ችግሩ ያለው ከፒኞኑ ወይም ከኮሮናው ላይ ነው፤ ማለትም ካቴናውን ከሚጎትተው ትንሹ ባለጥርስ ጎማ ወይም ከኋላ እግር ጋር ከሚዞረው ትልቁ ላይ። ባለቤቱ ጉልበት ያነሰው ይመስለውና በቁልፉ እጀታ ላይ ቧንቧ ሰክቶ እንደገና ይጫነዋል። ወይ ቡሎኑ ይበጠሳል፣ ወይ ጥርሱ ይላጣል፣ ወይ ደግሞ በሳምንቱ ተመልሶ ይላላል። ከነገሌ ወደ ፊልቱና ዶሎ በሚወስደው መንገድ መሐል ካቴና የወለቀበት ሰው ለሰዓታት ጥላ ፍለጋ ሊንከራተት ይችላል። ስለዚህ ነገሩ በጉልበት ሳይሆን በእውቀት ቢያዝ ይሻላል እላለሁ።

ቡሎን ሲጠብቅ ይለጠጣል። በዓይን አይታይም እንጂ ብረቱ እንደ ስፕሪንግ ይወጠራል፤ ሁለቱን አካላት ጨምቆ የሚይዛቸውም ወደ ቀድሞ ርዝመቱ ለመመለስ የሚስበው ኃይል ነው። የሚገርመው በቁልፍ ከምንሰጠው ጉልበት ለዚህ መወጠር የሚተርፈው አንድ አስረኛ ገደማ ብቻ መሆኑ ነው። ግማሽ ያህሉ ከዳዶው ሥር ባለው ሰበቃ ይበላል፤ 40 በመቶ የሚሆነው ደግሞ በቡሎኑና በዳዶው ጥርሶች መካከል ባለው ሰበቃ ያልቃል። በመሆኑም ቡሎኑ አቧራ የጠጣ ወይም የዛገ ከሆነ ሰበቃው ትንሽ ሲጨምር ያቺን አንድ አስረኛ ጠራርጎ ይወስዳታል። ቁልፉ እጅ ላይ ይከብዳል፣ ጠጋኙም «ጠበቀ» ይላል፤ ቡሎኑ ግን ገና አልተወጠረም። በብረት ብሩሽ የጸዳ ቡሎን በእጅ እስከ መጨረሻው ያለ ችግር መግባት አለበት፤ በእጅ የማይገባውን በቁልፍ ማስገደድ ስብራት መጥራት ነው።

በትክክል የተወጠረውስ ለምን ይላላል? ለረጅም ጊዜ ጥፋቱ የሚጫነው ቡሎኑን በቁመቱ በሚስበውና በሚለቀው ንዝረት ላይ ነበር። በ1969 እ.ኤ.አ. ጀርመናዊው መሐንዲስ ጌርሃርድ ዩንከር ዋናው ጠላት ሌላ መሆኑን በሙከራ አሳየ፤ የተጣበቁት ሁለት አካላት ወደ ጎን ሲንሸራተቱ ነው ቡሎን ክፉኛ የሚላላው። አካላቱ ወደ ጎን በተንሸራተቱ ቁጥር በጥርሶቹ መካከል ያለው ሰበቃ ለቅጽበት ይሸነፋል፤ የተወጠረው ቡሎንም በዚያች ቅጽበት በራሱ ኃይል ትንሽ ወደ ኋላ ይዞራል። መንሸራተቱ ከቀጠለ በጥቂት መቶ ምልልሶች ውስጥ መወጠሩ ሊያልቅ ይችላል። የቆላ ሰው ግመል ሲጭን የሚያውቀው ነገር ነው፤ ገመዱ የቱንም ያህል ቢታሰር ጭነቱ ግራና ቀኝ ከተወዛወዘ ቋጠሮው እየላላ ይሄዳል፣ ጭነቱ ባለበት ከጸና ግን ቀኑን ሙሉ ይዞ ይውላል።

አሁን ሞተር ብስክሌቱን እንመልከት። ባለ 4 ምት ባለ አንድ ሲሊንደር ሞተር በሁለት ዙር አንድ ጊዜ ነው የሚተኩሰው። በደቂቃ 6,000 ጊዜ ሲዞር በሰከንድ 50 ጊዜ ይተኩሳል ማለት ነው፤ እያንዳንዷ ተኩስ ፒኞኑን ወደ ፊት ትገፋዋለች። ኮረኮንቹ ደግሞ ከሌላው ጫፍ ይመታል። በ36 ኪሎ ሜትር ፍጥነት፣ ማለትም በሰከንድ 10 ሜትር፣ በየግማሽ ሜትሩ ሸንተረር ባለበት መንገድ ላይ የኋላው ጎማ በሰከንድ 20 ጊዜ ይነጥራል፤ በአንድ ሰዓት 72,000 ጊዜ። ይህን ድብደባ ለማለዘብ በብዙ ሞተር ብስክሌቶች ላይ በኮሮናውና በጎማው እምብርት መካከል የላስቲክ ቁራጮች ይገባሉ። ላስቲኩ ሲደርቅና ሲሰነጠቅ ድብደባው በቀጥታ ወደ ኮሮናው ቡሎኖች ያልፋል። የኮሮናው ቡሎኖች እየደጋገሙ ከላሉ ቡሎን ከመግዛት በፊት ጎማውን አውልቆ እነዚያን ላስቲኮች ማየት ተገቢ ነው። ብዙ ሰው ይህን ይዘለዋል፤ በእኔ እምነት ከሁሉ የሚያስቆጨው መዝለል ይሄ ነው።

ችግሩን ራቁቱን ማየት የፈለገ ሰው በሌላው ዓለም ጎልማሶች የሚጫወቱባቸውን ትልልቅ የሪሞት መኪኖች ይመልከት። የእውነተኛ መኪና አንድ አምስተኛ ያህላሉ፤ ከ10 ኪሎ በላይ ይመዝናሉ፤ ከመካከላቸው ቤንዚን የሚጠጡት በአብዛኛው ባለ 2 ምት ሞተር አላቸው። በብዙዎቹ የኤሌክትሪክ ሞዴሎች ላይ ፒኞኑን ከሞተሩ ዘንግ ጋር የምታስረው አንዲት ራስ የሌላት ትንሽ ቡሎን ናት። ዘንጉ በአንድ ጎኑ ተሞርዶ ጠፍጣፋ ቦታ ይወጣለታል፤ ቡሎኗ ማረፍ ያለባት ከዚያ ጠፍጣፋ ላይ ነው። በክቡ ላይ ካረፈች የቱንም ያህል ብትጠብቅ ትንሸራተታለች። የእነዚህ መኪኖች ባለቤቶች የሚጠቀሙባት ዘዴ ደግሞ በጣም ታስደስተኛለች። ፒኞኑንና ትልቁን ጥርስ ሲያገጣጥሙ በመካከላቸው ቀጭን ወረቀት አስገብተው ሞተሩን ያጠብቃሉ፤ ከዚያ ጥርሶቹን አዙረው ወረቀቱን ያወጡታል። የወረቀቱ ውፍረት የሚተወው ክፍተት ጥርሶቹ ሳይጨናነቁም ሳይራራቁም እንዲነካኩ በቂ ነው።

ወደ ሞተር ብስክሌቱ ስንመለስ፣ ፒኞን በዘንጉ ላይ መጫወት ሲጀምር ምስክር ይተዋል። ሁለት ብረቶች በጥቂቱ ሲፋተጉ የሚረግፈው ደቃቅ ብረት ከአየር ጋር ተዋህዶ ቀይ ቡናማ ዱቄት ይሆናል። ሌላ ቦታ ይህ ዱቄት ወዲያው ይታያል። በነገሌና በሊበን ሜዳ ግን አፈሩ ራሱ ቀይ ስለሆነ ዓይን ይታለላል። መለያው ይህ ነው፤ ቦታውን በቤንዚን አጥቦ ትንሽ መንገድ መሄድ። የመንገድ አቧራ በሁሉም ቦታ ይለብሳል፤ የፍትጊያው ዱቄት ግን ከፒኞኑና ከዘንጉ መጋጠሚያ ብቻ፣ ከውስጥ ወደ ውጭ እየወጣ ይታያል።

መላውስ? በየሱቁ የሚሸጠው የተሰነጠቀ የስፕሪንግ ሮንዴላ በዩንከር ዓይነት ፈተና ደካማ ሆኖ ተገኝቷል፤ እሱን ተማምኖ መተኛት አይገባም። ውስጡ የናይለን ቀለበት ያለው ዳዶ ይሻላል፤ ነገር ግን ደጋግሞ ሲፈታ ቀለበቱ ስለሚበላ በየጊዜው መቀየር አለበት፣ ከሚግል ነገር አጠገብም አይሆንም። የፒኞን ዳዶ ሥር የሚገባው ታጣፊ ሮንዴላ፣ ጆሮው በዳዶው ጎን ላይ በትክክል ከታጠፈ፣ አስተማማኝ ነው። ሌላው የቡሎን ማጣበቂያ ፈሳሽ ነው። በ1953 እ.ኤ.አ. አሜሪካዊው የኬሚስትሪ ፕሮፌሰር ቨርነን ክሪብል የሠራው፣ በኋላ ሎክታይት ተብሎ የታወቀው ፈሳሽ አየር እስካለ ድረስ አይደርቅም፤ አየር በታፈነበትና ብረት በነካው ቦታ ግን ይጠነክራል። ጠርሙሱ ሙሉ የማይሆነውም ለዚህ ነው። በጥርሶቹ መካከል ያለውን ክፍተት ሞልቶ የጎን እንቅስቃሴን ይከለክላል፤ ይኸውም ዩንከር ያሳየውን በሽታ ከሥሩ ይነካል። ሰማያዊው ዓይነት በተለመደው ቁልፍ ይፈታል፤ ቀዩን ለመፍታት ብዙ ጊዜ በእሳት ማጋል ያስፈልጋል። ቡሎኑ ዘይት ከነካው ሥራው ይበላሻል፤ ስለዚህ ቀድሞ በቤንዚን ማጠብና ማድረቅ፣ ከቀባ በኋላም ሌሊቱን ማሳደር ያስፈልጋል። ፕላስቲክ ላይ ማንጠባጠብ ግን አደጋ አለው፤ አንዳንዱን ፕላስቲክ ያሰነጥቃል።

የዘንጉ ጥርስ ከተበላ ግን ማጣበቂያም ሮንዴላም አያድኑትም። ቆርቆሮ ቆርጦ በክፍተቱ መወተፍ ለአንድ ጉዞ ያደርስ ይሆናል፤ ቆርቆሮው ለስላሳ ስለሆነ ቶሎ ተጨፍልቆ ክፍተቱ ይመለሳል። ፒኞኑን ከዘንጉ ጋር መበየድ ደግሞ ይብሳል። በእሳት ታክሞ የጠነከረ ብረት በብየዳ ሙቀት አንዱ ጎኑ ይለሰልሳል፣ አንዱ ተሰባሪ ይሆናል፤ ሁለተኛም መፍታት አይቻልም። ዘንጉ ገና ጤነኛ ከሆነ ፒኞኑን ብቻ መቀየር ይበቃል፤ ዘንጉም ከተጎዳ ወይ መለዋወጫ ነው፣ ወይ ጎበዝ ቶርኖ ቤት። ሥራው ካለቀ በኋላ በዳዶውና በአካሉ ላይ የሚያልፍ አንድ መስመር በጥፍር ቀለም ማስመር፣ ከመጀመሪያው ቀን ጉዞ በኋላም ማየት ነው። መስመሩ ከተሰበረ ዳዶው ዞሯል።